ከቱሊ ጉሌድ የመጡት ሁለት ፊልሞች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጅግጅጋ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ለጨለማ የቱ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሻላል? 400 ወይስ 3200?» አለኝ። «ጋሼ» መባሉን ገና አልለመድኩትም። ጥያቄው ግን ከዚያ ይልቅ ከበደኝ።

ከዓመታት በፊት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ የምፈልግ፣ በፊልም ካሜራ ያበድኩ ጎረምሳ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛዬ የሆዳን አባት ቱሊ ጉሌድ በምትባለው ከተማ በጠና ታመው ተኝተዋል። ከአንዲት የደበዘዘች የመታወቂያ ፎቶ በቀር ምስል የላቸውም። ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው መስኮት አይከፈትም፣ ፍላሽማ አይታሰብም። ሆዳን ፎቶ እንዲነሡ ስትለምናቸው ከርማ አንድ ቀን እሺ አሉ።

አጎቴ ከዱባይ ያመጣልኝ ሁለት ፈጣን ፊልሞች ነበሩኝ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ያነሣል። 400ው ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ግን እንደ 1600 ቆጥሮ ማንሣትና በእጥበት ጊዜ ማካካስ ይፈልጋል። 3200ው ጨለማ አይፈራም፤ ምስሉ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻካራ ፎቶ የሰነፍ ሥራ ነው እያልኩ የምፎክርበት ዘመን ነበር። ቢሆንም ላወዳድራቸው ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ።

የበጋው ንፋስ አቧራውን ጥርሳችን ድረስ ያስገባ ነበር። ሆዳን ማላዋሕ የሚባለውን ስስ ጣፋጭ ቂጣና የግመል ወተት ሻይ አቀረበች፤ እኔ ግን ብርጭቆውን መልሼ አስቀምጬ ካሜራዬን ማስተካከል ጀመርኩ። አባቷ የድሮ ነጋዴ ናቸውና አማርኛ አይቸግራቸውም።

«ልጄ፣ እንደ ሬሳ ዓይኔን ጨፍኜ አታንሣኝ። ስገልጥ ቶሎ በል» አሉኝ።

«እሺ አደር» አልኳቸው፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። እንባቸው እየወረደ ለአንዱም ለሌላውም ፊልም ዓይናቸውን ገለጡልኝ።

ስመለስ ኬላ ላይ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን ፈታሽ ካሜራዬን አገላብጦ አየና፣ «ያነሣኸውን አሳየኝ» አለኝ።

«አይታይም፤ ፊልም ነው። መታጠብ አለበት።»

«ፎቶ የማያሳይ ካሜራ አለ እንዴ?»

ሁለቱን የፊልም ጥቅሎች ከቦርሳዬ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ብርሃን ከነካቸው እንደሚጠፉ፣ የታመመ ሰው ፎቶ እንደሆነ ነገርኩት። ሚኒባሱ ጡሩንባ ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ፈታሹም ሰው ነው፤ አመነታ።

«በቃ አንዱን ክፈት፤ አንዱን ውሰድ። አንተው ምረጥ።»

ትንሽ እንኳ ላስብ አልቆምኩም። 3200ውን አነሣሁና ጫፉን ይዤ ጎተትኩት። ግራጫው ፊልም ፀሐይ ላይ ተዘረጋ። ፈታሹ ከፍ አድርጎ አየውና፣ «ባዶ ነው እኮ» አለ፤ ያዘነ ይመስል ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ብርሃን የነካው ፊልም ግን አይለቀምም።

400ውን መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ አጠብኩት። የአደር ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የኮፊያቸው ጥልፍ ሳይቀር ይታያል። ዓይናቸው ግን የለም፤ በቦታው ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ። ጥላ ያረፈበትን 400ው አልያዘውም፤ 3200ው ግን ይይዘው ነበር። ተመልሼ ላነሣቸው ስዘጋጅ አረፉ።

ሆዳን ፎቶውን ተቀብላ የዓይኖቹን ቦታ በጣቷ ነካችው። «ሌላኛውስ?» አለችኝ።

«ኬላ ላይ አቃጠሉብኝ» አልኳት።

ለወጣቱ 3200ውን እንዲይዝ ነገርኩት። ለሆዳን ግን እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም፤ አፍራለሁ። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ፎቶውን ቀና ብላ ታይና፣ «የአባቴን ዓይን ያጠፋ፣ አላህ የእጁን ይስጠው» ትላለች።

እኔም አብሬያት «አሚን» እላለሁ።