ጃለኔ ያልጣለቻት ኮከብ

ጃለኔ ሂርጳ ጊንጪ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ አምቦ ወርዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ ጥያቄ ለሰው ሲነገር ያስቃል፦ ጨለማው ቁስ ጥቁር ጉድጓድ ይሆን? ጋላክሲዎችን በስበቱ አስሮ የያዘ፣ ዐይን ግን የማያየው ቁስ አለ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። አንዳንዶች ዓለም ሲፈጠር የተወለዱ ትናንሽ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው ይላሉ። ይህን በመምህራን ክፍል ስታስረዳ የታሪክ መምህሩ ተሻለ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ዘጋባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ነገር የማይከብዳት ሰው ናት።

ሥራው ግን የዋዛ አልነበረም። ጥቁር ጉድጓድ በኮከብ ፊት ሲያልፍ ስበቱ ብርሃኑን ያጎላዋል፤ ኮከቡም ለጥቂት ሰዓት ደምቆ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጨለማው ቁስ በሙሉ እነዚህ ጉድጓዶች ከሆነ፣ ጃለኔ በያዘችው የቴሌስኮፕ መዝገብ ውስጥ እንዲህ የደመቁ አርባ ያህል ኮከቦች መገኘት ነበረባቸው። ሁለት ክረምት ሙሉ መዝገቡን አበጥራ አንዲት ብቻ አገኘች። ያቺን አንዷን እንደ ልጅ ወደደቻት፤ ምን ይደረግ።

አማካሪዋ ዶክተር ገብረአማኑኤል ለፍቅር ቦታ የላቸውም። "እዚያው አጠገብ ያንኑ ሰማይ የሚያይ ሌላ ቴሌስኮፕ አለ። በዚያች ሌሊት እሱ ካላያት የመሣሪያ ስህተት ናትና ትጥያታለሽ" አሏት። ጃለኔ የመዝገቡን የፈረንጅ ቀን በእጇ ቆጥራ ማስታወሻዋ ላይ፣ እንደ አስተማሪ ልማዷ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 2016 ብላ ጽፋው ነበር። አሁን በስልኳ ወደ ፈረንጅ ቀን መልሳ ገለበጠችውና የዚያችን ሌሊት መዝገብ አወረደች። ኮከቧ ንቅንቅ አላለችም። ጃለኔ ሆድ ባሳት፤ "አንድም አልተገኘም" ብላ ጻፈችና ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ዲፌንስ ሳምንት ሲቀረው እሑድ ጊንጪ ገባች።

ባሏ ሚልኪያስ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሠራተኛ ነው፤ የሰው የልደት ቀን ከአገራችን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለብጥ ይውላል። በቆሎ እየጠበሰ ፊቷን አየና "ማል ታቴ፣ ጃሌ? ምን ሆንሽ?" አላት። ነገረችው። በአንድ እጁ በቆሎውን እንደያዘ ማስታወሻዋን አገላበጠ።

"ጥቅምት አምስትን እንዴት አመጣሻት?"

"መስከረም አንድ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው። ከዚያ ቆጠርኩ።"

"ያን ዓመት አይደለም። ጳጉሜ ስድስት ሆና ስለነበር መስከረም አንድ የዋለው አሥራ ሁለት ላይ ነው። እዚህ ላይ የማይሳሳት የለም፤ በዚህች ቀን የተነሳ ስንት የልደት ሰርተፊኬት ቀድጃለሁ። አንቺ በእጅሽ አንድ ቀን ጨመርሽ፤ ስልክሽ ያልሽውን አምኖ የማግስቱን ሌሊት ሰጠሽ።"

ሰማይን ስታበጥር የከረመች ሴት በጳጉሜ ተሰናከለች። ጃለኔ እያፈረችም ሳቀች፤ ሚልኪያስ ባይኖር ኖሮ ብላ ስታስብ ግን ልቧ ድንግጥ አለ። ሰኞ አምቦ እንደገባች የቀደመችውን ሌሊት አወረደች። ኮከቧ በሁለቱም ቴሌስኮፖች፣ በዚያው ሰዓት፣ ቀስ ብላ ደምቃ ቀስ ብላ ተመልሳለች። ጃለኔ ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጥታ የቤተ መጻሕፍቱን ጥበቃ ጨበጠችው።

በዲፌንሱ ዕለት ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። "አርባ ይጠበቅ ነበር፣ አንድ ተገኘ። ስለዚህ በዚህ መጠን ያሉ ጥቁር ጉድጓዶች ጨለማውን ቁስ በሙሉ ሊሆኑ አይችሉም፤ ይሄ ጥሩ ነው። ግን አንድም ባይገኝ መደምደሚያሽ ያው ነበር። ለአንዲት ኮከብ አራት ገጽ ምን አስፈጀሽ?"

"ልክ ነዎት፣ መደምደሚያውን አትለውጠውም" አለች ጃለኔ። "ግን ደምቃለች። የደመቀችውን አልደመቀችም ብዬ ፈርሜ ልሰጥዎት ነበር።"

ፈታኙ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና የኮከቧን ገጽ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመሩ።