ለቀጭኔ ዓይን የተገዛው መብራት

ሚስትየው ከላውንደሪ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ጠረጴዛውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሱሪ ስትተኩስ ትውላለች። ወገቧ ቁርጥ ብሎ፣ እስቲ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ልቅመስ ብላ ስትገባ፣ ሳህን የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ግማሹን የቀለም ጠርሙስ ይዞታል፣ ግማሹን ብሩሽና ጨርቅ። በተረፈችው ክፍተት ደግሞ የጣት አንጓ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ሰዎች ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ ገና ሱሪያቸው አልተቀባም።

«እነዚህ እንግዶች ዛሬም አልሄዱም?» ትላለች ቦርሳዋን ሳታወርድ።

ባልየው ቀና አይልም። «አንዴ ብቻ። ይቺን ኮሌታ ልጨርስ።»

ያቺ ኮሌታ አታልቅም።

ባልየው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ መስኮት ላይ ቆሞ የሌሎችን አነዳድ ሲሳደብ ከረመ። «እየው፣ እየው፣ ፍሬን እንዲህ ነው የሚያዘው?» ይላል ብቻውን። ልጃቸው አሳዘናትና በልደቱ ቀን አንድ ካርቶን ይዛለት መጣች። ውስጡ ትንንሽ ሰዎች፣ ጥቂት ቀለምና ብሩሽ አለ። «አባዬ፣ እነዚህን እየቀባህ ትጫወታለህ፣ ጊዜው ይሄድልሃል» አለችው። እናትየው ያን ቀን ልጇን መርቃ ሸኘቻት። አሁን ያን ምርቃት መልሳ ብትወስደው ደስ ይላታል።

መቀባቱን አልጠላችውም። ያስመረራት የዕቃው ነገር ነው። ሰውዬው አንድ ነገር እንቢ ባለው ቁጥር እጁን አይጠረጥርም። የሚጠረጥረው ያልገዛውን ዕቃ ነው።

መጀመሪያ እጀታ አስመጣ። ትንሹን ሰውዬ የእጀታው አናት ላይ ታጣብቅና እጀታውን ይዘህ ትቀባለህ። «ጣቴ እየደነዘዘ እኮ ነው ያስቸገረኝ» አለ። እጀታው ሲመጣ ውፍረቱ የመዶሻ ያህላል። ትንሽ ታገለውና ተወው። አሁን የሚሠራው በእሷ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ነው። ክዳኑ ላይ እንደ ማስቲካ ያለ ማጣበቂያ ያደርግና ሰውዬውን ይተክልበታል። አንድ ቀን ሳል አፍኗት መድኃኒቷን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ለካ አናቱ ላይ ፖሊስ ቆሞበታል።

«እየሳልኩ ልሙትልህ?» አለችው።

«ቀለሙ አልደረቀም። ቀስ ብለሽ ክፈቺው፣ ቆቡን እንዳትነኪው።»

ቀጥሎ ቀለም እንዳይደርቅ የሚያደርግ ሣጥን ገዛ። ከፍታ ብታየው ስፖንጅና ወረቀት ነው።

«ይሄ እኮ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው።»

«አይደለም። ይሄ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው።»

ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ስፖንጅ ሻገተ። ባልየው ምንም ሳይናገር ከኩሽና የእሷን ስፖንጅ ቆርጦ ከተተበት። እንዲያውም የተሻለ ሠራ። ይሄን ግን አፍ አውጥቶ አላመነም። እሷም ሳህን ልታጥብ ስትል ግማሽ ስፖንጅ አግኝታ ነው የገባት።

ከዚያ በሞተር የሚሠራ የቀለም መርጫ መጣ። ሲነሣ ቤቱን አንቀጠቀጠው፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። መጋረጃው ላይ አረንጓዴ ደመና የመሰለ ነገር ቀረ። ሚስትየው መጋረጃውን ላውንደሪ ወስዳ በምታውቀው ሁሉ አሸችው፣ ንቅንቅ አላለም። መርጫው አልጋ ስር ገባ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ ወለል ስትጠርግ መጥረጊያዋን ይይዘዋል።

እውነቱን ለመናገር አንድ ዕቃ ጠቅሞታል። ጥሩ ብሩሽ። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ሲነክሩት የማይበተን። እሱን ሲገዛ እሷም ክፉ አልወጣትም። ግን ያንኑ ብሩሽ በእሷ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አለቀለቀው። እሷም ሳታይ ተጎነጨችው።

ይህን ሁሉ ችላ ነበር። የቀጭኔ ነገር መጣ እንጂ።

ቀጭኔ የሚሉት የባሏን ትኬት ቆራጭ ነበር። አንገቱ ከመርዘሙ የተነሣ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። ስንት ዘመን አብረው ሲሠሩ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲኮራረፉ፣ ደግሞ አንዱ ሲቀር ሌላው ሥራ ሲያስጠላው ኖሩ። አሁን ቀጭኔ ጠቅልሎ ልጁ ዘንድ፣ ሩቅ ከተማ ሊሄድ ነው። ጉዞው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ሊሰናበታቸው ይመጣል። ሁለቱም አርጅተዋል፣ ተመልሰው ይገናኙ አይገናኙ እንጃ። ይሄን ነገር በዚያ ቤት ማንም አላነሣውም፣ ባልየው ግን ቀጭኔን ሊሠራው ተነሣ።

አንድ እጁ የበሩን ብረት የያዘ፣ ገላው ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ቀጭኔ። ብረቱን ከስቴኪኒ ሠራው። አንገቱን በማጣበቂያ አስረዘመው።

«ሲያየው ‹ይሄ እኔ ነኝ› ማለት አለበት» አለ። «ካላለ አልሰጠውም።»

«ታዲያ ባዶ እጁን ልትሸኘው ነው?»

«ባዶ እጁን ይሂዳ። ሌላ ሰውዬ ሰጥቼው ሊስቅብኝ ነው?»

ሰውነቱ ሰመረ። ዓይኑ ላይ ሲደርስ ተበላሸ። አንደኛው ዓይን ወደ በሩ ያያል፣ ሌላኛው ጣሪያ ጣሪያውን። ባልየው ደመሰሰውና እንደገና ቀባ። አሁን ደግሞ ሁለቱም አፍንጫውን ማየት ጀመሩ።

«እጄ ምንም አልሆነ። የማይታየኝ ሆኖ ነው» አለ። ሚስትየው ምን ሊከተል እንደሆነ ገባትና ራሷን ያዘች።

መብራቱ መጣ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን ጥርቅም ተደርጎ የሚታሰር፣ ረጅም ክንድ ያለው፣ ጫፉ ላይ ሳህን የሚያህል አጉሊ መስታወት፣ ዙሪያውን መብራት። ገና በመጣበት ቀን ሚስትየው ሻይ ይዛ ስታልፍ ግንባሯን መታት።

«ዕቃው እንዳይሰበር» አለ ባልየው።

«የኔ ግንባር ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ባልየው መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በባዶ ዓይኑ ደህና የነበረው ሁሉ አሁን ጉድለቱ ተቆለለ። ጉንጩ ላይ መስመር አየ፣ ቀባው። ግንባሩ ላይ ጉብታ አየ፣ ቀባው። ዓይኑን ሠራ፣ አስጠላው፣ በላዩ ላይ ቀባና እንደገና ሠራ። እንዲህ ሲል ሰነበተ። እህል ሲቀርብለት በአንድ እጁ ይጎርሳል፣ ዓይኑ እዚያው ነው።

ረቡዕ ሚስትየው ከሥራ ገባች። ጠርሙሷን ከነሰውዬው አነሣችና ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«አፍንጫው የት ሄደ?»

«የማን?»

«የቀጭኔ ነዋ። ባለፈው አፍንጫ ነበረው።»

ባልየው መጥቶ በባዶ ዓይኑ አየ። ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ ፊቱ የተላጠ እንቁላል መስሏል። አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ፣ ዓይንማ ከነጉድጓዱ ጠፍቷል። ቅስሙ ስብር አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሷም ሊያሳዝናት ጀምሮ ነበር።

«ቀለም የሚያነሣ ፈሳሽ አለ ይባላል» አለ ቆይቶ። «እሱን ባገኝ…»

«አንተ ሰውዬ፣ ልቤን አወለቅከው እኮ» አለች። ድምጿን አልጨመረችም። «ነገ ነው የሚመጣው። ፈሳሹ መጥቶ፣ ፈሳሹን የሚይዝ ዕቃ ተገዝቶ፣ እሱን የምታስቀምጥበት ሌላ ጠረጴዛ ተገዝቶ፣ ቀጭኔ እስከዚያ ደርሶ የልጅ ልጆቹን ድሯል።» መርፌዋን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ፋቀው።»

ፋቀው። እያማረረ፣ እያላበው ፋቀው። አፍንጫው ተመለሰ፣ አፉም ወጣ። የዓይኑ ጉድጓድ ግን በቀለም እንደተሞላ ቀረ፤ ልቆፍር ቢል ፕላስቲኩ ሊነሣ ሆነ። በዚያችው በጥሩዋ ብሩሽ ፊቱን በስሱ ቀባው፣ ዓይኑ ጋ ሲደርስ አንድ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ አድርጎ ተወው።

«ዓይን የለውም። አልሰጠውም» አለ። ጠርሙሱን ወስዶ የኩሽናው መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳሩ ኋላ ደበቀው።

ሐሙስ ቀጭኔ መጣ። በሩን ሲያልፍ ልማዱ ሆኖ አንገቱን ደፋ።

«ሾፌር፣ ሆድ አወጣህ።»

«አንተ ደግሞ አንገትህ ጨመረ እንዴ?»

ሻይ ተጠጣ። ስለ ድሮ ተቆጣጣሪ፣ ስለዚያች ሁልጊዜ ዶሮ ይዛ ስለምትሳፈር ሴትዮ ተወራ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ቀጭኔ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ባልየው ጠረጴዛውን በጣቱ ያንኳኳል። ሚስትየው አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«ታወጣዋለህ ወይስ ላውጣው?»

«ምኑን?» አለ ቀጭኔ።

«ምንም አይደለም» አለ ባልየው።

ተነሥታ ከስኳሩ ኋላ ጠርሙሱን አምጥታ ቀጭኔ ፊት ቁጭ አደረገችው።

ቀጭኔ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አራቀው። «እህቴ፣ እኔ ሳል የለብኝም። ደግሞ አናቱ ላይ ምንድነው የበቀለበት?»

«አይታየውም» አለ ባልየው፣ ደስ ብሎት። «አይታየውም፣ ተዪው በቃ።»

ሚስትየው የመብራቱን ክንድ ጎተተችና አበራችው። ቀጭኔ ያን ሁሉ አንገት አጥፎ መስታወቱ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። ባልየው ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«ይሄ ሰውዬ ተኝቷል እንዴ?» አለ ቀጭኔ።

ባልየው ጆሮው ቀላ።

«ብረቱን እንደያዘ ነው የተኛው» አለ ቀጭኔ፣ አሁን ድምፁ ዝግ ብሏል። «አንተ… ይሄ እኮ እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ፣ በሩ ላይ ቆሜ እንዲህ ነበር የማሸልበው። ማንም አያውቅም ነበር። ማን ነገረህ? አንተ ወደ ፊት ነበር የምታየው።»

ባልየው ዞረ። አንዴ ሚስቱን አየ።

«የኋላ ማያ መስታወት የለኝም?» አለ።

«አይተህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ብቀሰቅስህ ትለፈልፋለህ። እኔም የማርፈው ያኔ ነበር።»

ቀጭኔ ሳቀ፣ ዓይኑንም በእጁ ጀርባ ጠረገ። እውነት በመስታወት ያየው ነበር ወይስ አሁን የፈጠረው፣ ሚስትየው እስካሁን አላወቀችም።

ቀጭኔ ለመሄድ ሲነሣ ባልየው ሰውዬውን ከክዳኑ ሊያላቅቅ ሞከረ።

«ተወው፣ ትሰብረዋለህ። ከነጠርሙሱ እይዘዋለሁ» አለ ቀጭኔ። ደግሞ መብራቱን አየና ቆም አለ። «ግን እዚያ ሄጄ በምኔ ላየው ነው? እኔ እንደሆነ በባዶ ዓይኔ ሚስማር ነው የሚመስለኝ።»

ሚስትየው ባሏን አላየችውም፣ እንዳየችው ካወቀ እልህ እንደሚገባ ታውቃለች። ባልየው መብራቱን ትንሽ ዳሰሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

«ውሰደው» አለ ከጠረጴዛው ስር። «ለማየት ነው የሚሆነው። ለመቀባትስ እዳ ነው።»

ቅዳሜ ሚስትየው ከላውንደሪ ስትገባ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ብሎኑ የነከሰው ምልክት ቀርቷል። ቦታው ግን ባዶ ነው፣ ሳህን ይችላል። ሳህኗን አምጥታ ተቀመጠች። ባልየው መስኮቱ ላይ ቆሟል፣ ዛሬ ማንንም ሾፌር አይሳደብም።

«አሁን ደርሶ ይሆናል» አለ።

«ገና መንገድ ላይ ነው።»

መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ራስ ላይ የሚታሰር መብራት አለ አሉ። ጠረጴዛ አይዝም» አለ።

ማኘኳን አላቆመችም። «መጀመሪያ የሳል መድኃኒቴን አምጣ።»

«እሱማ» አለ፣ «ከቀጭኔ ጋር ሄዷል።»