ዘሩን ደበቀ የተባለው ቋንቋ

አባባ፣ የማገባው ልጅ ኬንያዊ ነው ስላቸው ፊታቸውን እንኳ አላጠቆሩም ነበር። ክርስቲያን መሆኑን፣ እዚሁ ፈረንጅ አገር ኮንየርስ ከተማ ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ ጠይቀው አለፉት። ነገር የተበላሸው አንድ ቅዳሜ ልጁ በመኪናው ቡፎርድ ሃይዌይ ወዳሉት ሱቆች ለአስቤዛ ይዞን ሲሄድ ነው። እናቱ ከሞምባሳ ደወለችለትና በመኪናው ስፒከር በቋንቋቸው አወሩ። አባባ ደግሞ በስደት ዘመናቸው ካርቱም ሱቅ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ዓረብኛ እንደ አማርኛ ነው የሚቀናቸው።

ቤት ስንገባ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ይሄ ልጅ ዓረብ ነው አሉኝ። መጽሐፍን ኪታቡ ብሏል፣ ወሬን ሀባሪ ብሏል፣ ሲቆጥርም ስድስትን ሲታ፣ ሰባትን ሳባ ብሏል። ዘሩን ለሚደብቅ ሰው ልጄን አልሰጥም፣ ሽማግሌም እንዳይልክ ብለው ቁጭ።

ወይ መከራዬ! ሙሉ ክረምት ስለ ልጁ ቋንቋ፣ ስለ ስዋሂሊ ስከራከር ከረምኩ። አባባ፣ የቋንቋው አጥንት ባንቱ፣ የአፍሪካ ነው፤ ዓረቦቹ በመርከብ እየመጡ ከባሕር ዳርቻው ሰው ጋር ሲነግዱና ሲጋቡ ነው ቃላቸው የገባው እላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትን ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ ብሎ አይደል እንዴ መቁጠር የሚጀምረው፣ ይሄ ዓረብኛ ነው? እላለሁ። እነሱ መሸፈኛ ናቸው ይሉኛል። አንጀቴ ቅጥል ብሎ፣ እርስዎስ ሱቅ፣ ሳሙና፣ ስኳር ሲሉ ዓረብ ሆኑ ወይ ብላቸው፣ እኛ ተዋስን እነሱ ግን ወረሱ አሉኝ። አንድ ቀንማ አፌ አላርፍ ብሎ፣ ስዋሂሊ የሚለው ስም ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው ብዬ አመለጠኝ። ስም አውጪው አባት ነው ብለው አረፉት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ!

በመጨረሻ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጁን ምሳ ጠራሁትና፣ አባባን በሉ ራስዎ ይፈትኑት አልኳቸው። ገና ከመቀመጡ በዓረብኛ ለቀቁበት። አገሩን፣ አባቱን፣ ሥራውን ጠየቁት። ልጁ ፈገግ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሥራ የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የያዘው፤ ሌላው አልገባውም።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ይኸው አላልኩም? አልኳቸው። አባባ ግን እጃቸውን ከሞሰቡ ላይ አነሱ። እኚህ ሰው ሲሸነፉ እንኳ ያናድዳሉ ብዬ አሰብኩ።

"ስለደበቀኝ ተቆጣሁ እንጂ፣ በልቤስ ዓረብ በሆነ ብዬ ነበር" አሉ ቀስ ብለው፣ "አግቢው፣ አልከለክልሽም። ግን ከእሱ ጋር በዓረብኛ እናወራለን፣ ልጆቻችሁም ከእሱ ይለምዱታል ብዬ ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼን በምንድነው የማነጋግራቸው?"

አማርኛ አስተምራቸዋለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጁ አባባ ምን እንዳሉ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እኔና እሱ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስንጣላም ስንታረቅም፣ ልጆቻችንም የሚሰሙት እሱኑ ነው፤ አባባ ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት "ኖ ኢንግሊሽ" ማለት ብቻ ነው።