ቀይ ፍሬን ለሰርካለም ሠርግ

ቢተውን በስሙ የሚጠራው ሰው ላሊበላ ውስጥ እየጠፋ ነው። እናቱ ይጠሩት ነበር፤ እሳቸውም ባለፈው ክረምት አረፉ። ሌላው ሁሉ «ጧፉ» ነው የሚለው። እኔ የማውቀው ገና ልጅ ሆኖ ካባቱ ጎን ተቀምጦ ብሩሽ ሲያቀብል ጀምሮ ነው።

አባቱ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ይቀቡ ነበር። ቀለም እንዲነካው የማይፈልጉትን እንጨት በቀለጠ የጧፍ ሰም ያለብሱታል። ቀለሙ ሲደርቅ ሰሙን በቢላ ይልጡታል፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ይወጣል። ሲሞቱ ለልጆቻቸው የተረፈው አንድ ሣጥን የጧፍ ቁራጭና ብሩሽ ነበር።

ታናሽ እህቱን ሰርካለምን ያሳደጋት ቢተው ነው። ቱሪስት በነበረበት ዘመን ሾፍሮ ያገኘውን ገንዘብ አሮጌ ኮሮላ ላይ አዋለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እንግዳ ቀረ፤ መኪናዋም ቆማ ዛገች። ሰርካለም ጋሸና ምግብ ቤት ላለው ለመልአኩ ስትታጭ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ካባቴ ቤት የሚያወጣኝ ወንድሜ ነው፤ በራሱ መኪና።»

የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ምናለ ይህን ሲሰማ ቢተውን መንገድ ላይ አስቆመውና ኮሮላዋን ዞሮ አያት። የሱ መኪና አዲስ ናት፤ በቸርኬው ክፍተት የፍሬኑ ካሊፐር፣ ያ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨብጦ የሚይዘው ብረት፣ ቀይ ሆኖ ይታያል።

«ሙሽራ ነው የምትጭንባት ወይስ ገብስ?»

«እህቴን።»

«እንግዲያው አሳምረሃት ና። የሙሽራው ወገን ካፈረባት ከኋላ ትከተላለህ፤ ሙሽራዋ እኔ ጋ ትገባለች።»

ቢተው ነገሩን እንደ ውል ያዘው።

በሠርጉ ሳምንት ግቢው ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፤ ድንጋይ ደገፈ፤ የፊት ጎማዎቹን ፈታ። ካሊፐሮቹን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ አደረቃቸው። ሙቀት የሚችለው ቀለም እዚህ አይገኝም፤ ከበር ቅብ የተረፈ ቀይ ዘይት ቀለም ግን ነበረው። ለመሸፈኛም ፕላስተር አልገዛም። ያባቱን ሣጥን ከፈተ፤ ጧፉን አቅልጦ ዲስኩን ሰም አለበሰው። ቀባ፤ ደገመ። ሲደርቅ ሰሙን በቢላ ልጦ በጨርቅ ወለወለው። ሳልፍ ጠርቶ አሳየኝ። ጠርዙ ቁርጥ ያባቱ ሥራ ነበር። እጁ እስከ አንጓው ቀይ ሆኖ ይስቃል፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የሠርጉ ለት ምናለ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። ከዚያ አጃቢውን ጠራ።

«ኑ እዩ እንጂ! አህያዋ ጥፍሯን ተቀብታለች!»

ሠርገኛው ተንከተከተ። ሰርካለም ግን ቬሎዋን ሰብስባ ኮሮላዋ ውስጥ ገባች። «ንዳ፣ ወንድምዬ» አለችው።

ከከተማው እስኪወጡ ደህና ነበሩ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ እየጋለ መጣ።

«ቢተው፣ ጧፍ ጧፍ አይሸትህም?» አለች። «ያባባ ሽታ።»

ያን ጊዜ ገባው። ፍሬኑን ረገጠ፤ አልያዘለትም። ዲስኩ ላይ የቀረው ሰም ቀልጦ ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ውስጥ ሰርጓል። ማርሽ ቀነሰ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። በግራው ገደል፣ በቀኙ ዐለት ነበር። ዐለቱን መረጠ።

እኛ አጃቢዎቹ ከኋላ ስንደርስ ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፤ ቀዩ ቀለም አረፋ አውጥቶ ተልጧል። የሰርካለም ቅንድብ ተሰንጥቆ ቬሎዋ ደም በደም ሆኗል። ቢተው በእጁ ግንባሯን ሊይዝ ሲል ምናለ ገፈተረው።

«ፍሬኑን ምን አድርገኸው ነው?»

መዋሸት አይችልበትም። «ዲስኩን በጧፍ ሰም ሸፍኜ ነበር የቀባሁት» አለ።

«የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ለመኪና ጎማ?» አሉ የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ሸጌ። «ሲያንስህ ነው!»

ከአጃቢው አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። የሰርካለምን ግንባር በነጠላ አስረው ምናለ መኪና ውስጥ አስገቧት፤ ጡሩምባው እንደገና ጀመረ። ቢተው ዐለቱ ሥር ቀረ።

ባለፈው ጥቅምት ጋሸና ደርሼ መልአኩ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ ቢተው ገባ። አሁን የጭነት መኪና ረዳት ነው። ለእህቱ ካገር ቤት ያመጣውን የድንች ጆንያ ተሸክሟል። ሰርካለም ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆማለች፤ ጠባሳው ቅንድቧን ለሁለት ከፍሎታል። ትንሿ ልጇ ከጠረጴዛ ሥር ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ጧፉ መጣ!»

ተመጋቢው ሳቀ። አጎትሽ ነው ያላት ሰው አልነበረም። ትቆጣታለች ብዬ ሰርካለምን አየኋት። ሰርካለምም ትስቃለች።

«ጧፉ፣ በጓሮ አዙረህ አስቀምጠው» አለችው።

«እሺ» አለ ቢተው፤ ጆንያውን አስተካክሎ ወጣ።