ስም ያልጻፍኩበት ጀሪካን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በመስከረም ወር ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩን የደበቅኳቸው ሰው ባለፈው የረጀብ ወር ስላረፉ ነው አሁን የምጽፈው።

የከሚሴ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ከከሚሴ ራቅ ባለ ከተማ፣ በአንድ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ከሞተ ከብት የተወሰደን ሥጋ በሰም ማድረቅ፣ ከወረቀት አሳስቶ መቁረጥና ቀለም አስገብቶ ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት ነው። በተራ ቀለም የማይታዩ ቀጫጭን ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱን ለማየት ሥጋው የብር ናይትሬት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ብሩ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና ያጠቁረዋል። ድሮ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነበር። ማይክሮዌቭ ከመጣልን ወዲህ ግን ፈሳሹን እዚያ እያሞቅን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንጨርሰው ጀመር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው "የወጥ ማሞቂያሽ እንዴት ነው?" እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔ ግን ማንንም አላስነካም ነበር።

ብሩ አንድ አመል አለው፤ የቧንቧም የጉድጓድም ውሃ አይወድም። በእንፋሎት ከተጣራ ውሃ ሌላ ከነካው እንደ ወተት ይነጣል፣ ሥጋው የተለጠፈበት መስታወት፣ ስላይዱም፣ ጥላሸት ይለብሳል። የተጣራውን ውሃ የማስቀምጠው በሩ አጠገብ፣ በቢጫ ጀሪካን ነበር። አለቃዬ "ምን እንደሆነ ጻፊበት እንጂ" ብሎኝ ነበር። "እሺ፣ ነገ" ስል ወር አለፈ። ችኩል ነኝ፤ ትንሽ ነገር አይታየኝም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሸህ እድሪስ የሚባሉ የጨፋ ገበሬ መጡ። ሦስት ላሞቻቸው አጨንግፈው አንዲት ጊደር ሞታባቸዋለች። የቀበሌያቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የጊደሯን ኩላሊት ቆርጦ በፎርማሊን ልኮልን፣ በሰም ደርቆ ተዘጋጅቷል። ውጤቱን ሊወስዱ ነው የመጡት። የቸኮሉት ግን ለላሞቹ አልነበረም።

"አከም ቡልቴ፣ ልጄ" አሉኝ። የአገሬን ሰላምታ ስሰማ ደስ አለኝ። "ሐሊማ ልጄ ተኝታብኛለች።"

ላሞቹን የምታልበውም፣ የጨነገፈውን ያነሳችውም ሐሊማ ናት። ትኩሳት ያዛት። ወባ ነው ተብላ ታከመች፤ አልተሻላትም። ቀጥሎ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ከከብት የመጣ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ መርፌ ትጀምር አለ። የባሏ ቤተሰቦች እምቢ አሉ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል የሚለውን አገር ሁሉ ያምነዋል። ከጤና ጣቢያ አውጥተው የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ጋ ወሰዷት።

"ከጊደሯ በሽታው ከተገኘ ወረቀቱን ያምጡ፣ ያኔ መርፌው ይሁን ብለውኛል" አሉ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ ሌላ የምይዘው የለኝም። ወረቀቱን ስጪኝ።"

"ከምሳ በኋላ ይደርሳል፣ አይስጉ" አልኳቸው።

ከምሳ ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ብሩን በጥብጬ፣ ስላይዶቹን ነክሬ ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገባሁ። ስከፍተው ፈሳሹ ነጥቷል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ከዳር እስከ ዳር ጥላሸት ብቻ ነው።

ዕቃዎቹን የሚያጥቡልን እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ብርጭቆው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባቸው።

"ኧረ በልጆቼ! እንደ ሁልጊዜው ነው ያጠብኩት" አሉ። አላመንኳቸውም። እያለቀሱ ሁሉንም እንደገና በአሲድ አጠቡት። በማግሥቱ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። እንደገና ጮኽኩባቸው።

ሸህ እድሪስ ሁለቱንም ቀን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው በመቁጠሪያቸው ተስቢህ ይቆጥሩ ነበር። በወጣሁ ቁጥር ብድግ ይላሉ። "ገና ነው" ስላቸው "አይዞሽ፣ አላህ ያግዝሽ" ብለው ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን ላለማየት በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጥበቃችን ጋሽ ተፈራ በሩን እየከፈተልኝ "እኚህ ሽማግሌ ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው" አለኝ። "ምን አደረጉ?" አልኩት።

"ማክሰኞ አንቺ ምሳ ስትወጪ ቧንቧው ደርቆ ለሶላት መታጠቢያ አጡ። ከበሩ አጠገብ ካለው ጀሪካን የቀረችውን ውሃ ታጠቡባት። ከዚያ ባዶውን ትቶ መሄድ ነውር ነው ብለው፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ቀድተው፣ በትከሻቸው ተሸክመው እስከ አፉ ሞሉልሽ።"

 በእኛ አገር መስጊድ በር ላይ ያለውን የመታጠቢያ ኩስኩስት ውሃ የጨረሰ ሰው ለሚቀጥለው ሞልቶ ነው የሚሄደው። እኔም ያደግኩበት ነው፤ አባቴ ባዶ ኩስኩስት ትቼ ብሄድ አይምረኝም ነበር። ማክሰኞ ጀሪካኑን ሞልቶ ሳገኘው ረዳቴ የሞላው መስሎኝ አልጠየቅሁም። በዚያ ውሃ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ብሩን ስበጠብጥ የነበረው።

አዲስ ውሃ እስኪጣራ ስድስት ሰዓት ሆነ። ማይክሮዌቩን ስከፍት ፈሳሹ ጥርት እንዳለ ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ስል አየኋቸው፤ በቢጫው መደብ ላይ ጫፋቸው የተቆለመመ ጥቃቅን ጥቁር ክሮች ኩላሊቱን ሞልተውታል። በደስታ ልጮህ ነበር፤ ግን ሁለቱ ቀን ትዝ አለኝ።

ሸህ እድሪስ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስመው በኪሳቸው ከተቱ። "አላህ እጅሽን ይባርከው" ብለው መረቁኝና ወደ መናኸሪያ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ከኋላ አየኋቸው።

አማቾቿ ቃላቸውን አላጠፉም። ወረቀቱን ባዩ ጊዜ መኪና ፈለጉ፤ ዓርብ ማለዳ ይዘዋት ተነሡ። ሐሊማ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ፣ መንገድ ላይ አረፈች። በሳምንቱ ባሏን ያው ትኩሳት ሲይዘው ማንም አልተከራከረም፤ መርፌውን ተወግቶ ዳነ።

ለቅሶ ለመድረስ ጨፋ ወረድኩ። ሸህ እድሪስ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብዙ ከቆየን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ላይ ሥራው ለምን እምቢ አለሽ?" አሉኝ።

"መብራት ነው፣ ሸህዬ። መብራቱ እየተቆራረጠ አስቸገረን" አልኩ።

"አይ መብራት" አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። "ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ለፍተሻል።"

እትዬ ዘነበችን፣ ስጮኽባቸው በነበሩት ሰዎች ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጉንጬን ሳሙኝ። የጤና ጣቢያውን ሐኪምም ወረቀቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ቢደርስ ያተርፋት ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። "ምናልባት፤ ምናልባትም አያተርፋትም" ነው ያለኝ።

ለዓመታት ራሴን ሳጽናና የኖርኩት አባት በገዛ እጁ የልጁን መድኃኒት አዘገየ ብሎ እንዳይቃጠል ነው የዋሸሁት እያልኩ ነው። እውነት ነው። ግን ስለ ውሃው ብነግራቸው ኖሮ ቀጥለው "ታዲያ ለምን አልጻፍሽበትም?" ይሉኝ ነበር።  ለእሳቸው ስል ነው ያልኩት ውሸት እኔንም ሸሽጎኛል።

ሸህ እድሪስ እስኪሞቱ ድረስ በየዒዱ ሰላምታ ይልኩልኝ ነበር። መልእክተኛው ሁልጊዜ "ከሶላት በኋላ ዱዓ ያደርጉልሻል" ይለኛል። እኔም "አሚን" እል ነበር። ያን ሁሉ ዱዓ የተቀበልኩት እውነቱን ነፍጌያቸው ነው፤ አሁን ለማን እንደምመልሰው አላውቅም።