ገመድ የተወጠረበት ዳገት

በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው ቀበሌያችን፣ ከምንጩ በላይ በዱር የተሸፈነ አንድ ዳገት ነበረ። ወይራ፣ ጥድ፣ ብሳና፣ ቀጋ፣ አጋም፣ ሌላም ሴቶች ብቻ በስሙ የሚያውቁት ብዙ ቁጥቋጦ ነበረበት። የማንም ስላልነበረ ሁላችንም ከእሱ እንቆርጥ ነበር፤ ግን የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ።

በዚያ በደርግ ዘመን የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ተምሬ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደልን ያወቅሁት ልጆች ካፈራሁ በኋላ፣ ከገበያ ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ አንድ በአንድ እየለቀምሁ ነው። ልጆቼን አጥብቄ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ሰሃን ቢሰብሩ አልፋቸዋለሁ፤ ቢዋሹ አላልፍም ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ላመሰግን ሳይሆን፣ ቀጥሎ የምናገረውን ጥፋቴን አንባቢ በልኩ እንዲመዝነው ነው።

በአንዱ በጋ ከዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር የወረዳውን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ቀድሞ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ነበር። ዳገቱ ላይ ስንት ዓይነት ዕፅዋት እንዳለ ሊቆጥር፣ እያንዳንዱም ለሰው ምን እንደሚያስገኝ ሊጠይቅ ነው የመጣ። ዛሬ ብዝሀ ሕይወት ይሉታል፤ ያኔ እኛ ስሙን አልሰማንም። ሊቀመንበራችን እኔን መሪ አድርጎ ሰጠው።

ሥራው አራት ችካል በአራት ማዕዘን መትከል፣ ዙሪያውን ቀጭን ገመድ መወጠር፣ ከዚያም ውስጡ ያለውን ከዛፍ እስከ ሣር መቁጠር ነበር። እኔ ስም እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

"ይህኛውስ ምን ይሠራል፣ ጋሼ?"

"ወይራ ነው። እርፍ ይሆናል፣ ድግር ይሆናል፣ ሲደርቅም ይነዳል።"

"ባይኖርስ በምን ያርሳሉ?"

"በጥፍሬ።"

ሳቀና ጻፈው።

"ይህንንም ጻፉት?"

"የሚነግሩኝን ሁሉ እጽፋለሁ። ለዳገቱ ዋጋ ላወጣለት ነው።"

ዋጋ ማለቱ አልተዋጠልኝም። "ሊሸጥ ነው?" አልሁት።

"ሊሸጥ አይደለም። ዋጋ የለውም እያለ የሚያጠፋው ሰው ስለበዛ ነው" አለኝ። ያን ቀን ወደድሁት።

በሦስት ቀን እንዲህ ያለ ሃያ ቦታ በገመድ ወጠርን። ከክረምት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቦታ ስለሚቆጥር ችካሉንም ገመዱንም እንዳለ ተወውና ስንቅ ሊገዛ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄደ። ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ የአገራችን ገበሬ ችካልና ገመድ ያየው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ መሬት ሲሸነሸን። ገመድ ሲጣል በቦታው ያልተገኘ ድርሻው ያመልጠዋል። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ገመዱን አዩ፤ እስከ ማታ ድረስ ወሬው "ሽግሽግ መጥቷል፣ ዳገቱ ተሸንሽኗል፣ ቀድሞ ያረሰ ይወስዳል" ሆነ።

ሲነጋ የቀበሌው ገበሬዎች በሬ እየነዱ፣ መጥረቢያ እየያዙ ወጡ። ከሁሉ የቀደመው አዲስ ያገባ ጎረቤቴ ነው። ሽንሸናው ሲደረግ ልጅ ስለነበር መሬት አልደረሰውም፤ በአባቱ ጓሮ ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር። በሬ ለምኖ አምጥቶ ከታችኛው ገመድ ውስጥ ቁጥቋጦውን እየነቀለ ያርሳል።

"ተዉ፣ ይህ ለቆጠራ የተወጠረ ነው" እያልሁ ከአንዱ ወዳንዱ ሮጥሁ።

"አያ ጸሐፊ" አለኝ እርፉን ሳይለቅ፣ "የእርስዎ ድርሻ የትኛው ገመድ ውስጥ እንደሆነ ይንገሩንና እናምንዎታለን።"

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

እውነቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ ገመዱን በእጄ ወጥሬዋለሁ። ነገር ግን ለሞፈር ብዬ ለዓመታት ያየሁት አንድ ቀጥ ያለ ወይራ ነበረኝ። ሌላ ሰው መጥረቢያ ይዞ ሲዞረው ሳይ ልቤ ከዳኝ። እሱ ከሚወስደው ብዬ ቀድሜ ቆረጥሁት። ግንዱን ተሸክሜ ቤት ስገባ ሚስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ልትከለክል አልነበር የሄድኸው?" አለች።

ግንዱን ከጎጆው ጀርባ አጋደምሁት።

መምህሩ በቀትር ደረሰና ያየውን አይቶ አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ማንንም ሳይሰድብ ችካሉን ሁሉ በገዛ እጁ ነቀለ፤ ገመዱ ሲጠቀለል ሰውም በሬውን ፈታ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ለተሰበሰበው ሰው። "ገመድ ከመወጠሬ በፊት ጠርቼ ልነግራችሁ ይገባ ነበር።" እንዲህ የሚል የተማረ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ከእሱ ጋር ጉቶውን ቆጠርን። ገመድ ከተወጠረበት ሃያ ቦታ የተነካው አራቱ ብቻ ነበር፤ የቀረው ዱር እንዳለ ነው።

ሊቀመንበሩ ግን ሌላ አሳብ ነበረው። የአምራቾች ማህበር አቋቁም እየተባለ ከበላይ ይጨነቅ ነበር፤ ለጋራ እርሻ የሚሆን መሬት ደግሞ ከጁ የሚለቅለት ገበሬ አላገኘም። በማግሥቱ ስብሰባ ጠራና ቃለ ጉባኤውን ነገረኝ፤ "ዱሩ በሕዝቡ ተመንጥሮ ስላለቀ ለአምራቾች ማህበር እርሻ እንዲሆን ተወስኗል ብለህ ጻፍ።"

"አላለቀም" አልሁ።

"ጓድ ጸሐፊ፣ የተባልኸውን ጻፍ።"

"ከሃያው ቦታ የተነካው አራቱ ነው። ቆጥረነዋል።"

"ወይራ ተሸክመህ ስትገባ ያላየህ የለም። ዛሬ የዛፍ ጠበቃ ሆንህ?"

እንደገና ተሳቀብኝ። ሳቁ ተገቢ ነበር።

"ቆርጫለሁ። እሱንም እጽፈዋለሁ" አልሁ። ጻፍሁና ቆሜ አነበብሁት፤ "ዛፍ ከቆረጡት አንዱ እኔ ጸሐፊው ነኝ። ዱሩ ግን አላለቀም።" ማህተሙ በሊቀመንበሩ ኪስ፣ ብዕሩ በእኔ እጅ ነበር። እሱ አላተመም፤ እኔም አልሰረዝሁም።

ያ መሬት የሌለው ጎረቤቴ ብድግ አለ። "አያ ጸሐፊ፣ እርስዎ የሚያርሱት አለዎት፤ ዛፉ ቢቆም ይጠቅምዎታል። እኔ በምን ልብላ? ይህንንም መምህሩ ይቁጠሩልኝ።"

ከስብሰባው ዳር የተቀመጠው መምህር ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

በሦስተኛው ቀን የእድገት እንቅፋት ተብዬ ወደ መካነ ኢየሱስ ተወሰድሁ። ዘጠኝ ቀን ታሰርሁ። የወረዳው ሹም ሊቀመንበሩ የላከለትን ቃለ ጉባኤ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ጸሐፊው ራሱን የከሰሰበት ቃለ ጉባኤ አይቼ አላውቅም" አለ። "ስምህን ሰርዘው፣ ሊቀመንበርህ ያለውን ጻፍ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

"ስሜን ብሰርዝ የቀረውን ማን ያምነኛል?"

"ሙግት አልጠየቅሁህም።"

"እኔን አይመኑኝ። ሰው ልከው ያስቆጥሩ።"

ከአዘኔታ ይሁን ከመሰልቸት አላውቅም፣ አንድ የግብርና ሠራተኛ ላከ። እኔን ተከትሎ የመጣው መምህርም ደብተሩን ይዞ አብሮት ሄደ። ያ ሠራተኛ ያየውን ጻፈና ዳገቱ ከጋራ እርሻው ውጭ ሆነ። እኔ ከጸሐፊነት ተሻርሁ፤ ዛፍ በመቁረጤም አንድ ወር እርከን እንድሠራ ተፈረደብኝ። እርከኑን አምኜበት ሠራሁ። ሹመቱን የነጠቁኝ ግን በእውነቴ ነው፤ ይህን ዛሬም በፊታቸው እላለሁ።

ቤቴ እንደገባሁ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁና ታችኛውን ማሳዬን ምርቱን በእኩል እየተካፈልን እንዲያርስ ነገርሁት። መሬት ለሌላ ማካፈል በአዋጅ የተከለከለ ነበር። ሚስቴ ሰምታ፣ "ለዛፍ የታሰርኸው አልበቃህም፣ አሁን ደግሞ ለመሬት ልትታሰር ነው?" አለች።

"ዱሩ እንዲቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱ ብቻውን ለምን ይራብበታል?" አልኋት።

ሰውየው እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ አረሰው። ሊቀመንበሩ በማሳው ዳር ብዙ ጊዜ አልፏል፤ የሚያርሰው ማን እንደሆነም ያውቃል። አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።