ወንድሜን ለመክሰስ ሐረር የሄድኩበት ሳምንት

እሁድ፣ ከመሪ ወደ ተራራው

ሐረር የሄድኩት ለዚያራ፣ የወልዮችን መቃብር ለመጎብኘት አይደለም፤ ጅብ ሲበላ ለማየትም አይደለም። የሄድኩት ወንድሜን የሚያሳፍር ማስረጃ ፍለጋ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምጽፈው ኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግርብኝ ነው።

አባታችን የወሎ ሰው ነበር። በልጅነቱ ሐረር ድረስ ሄዶ ደረሳ ሆኖ የሃይማኖት ትምህርት ቀራ፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ የካ፣ ከእንጦጦ ሥር ሰፈረ፤ የሰፈሩን ልጆች ሲያስቀራ ኖሮ ሞተ። ከሐረር ይዞት የመጣ አንድ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ነበረው። ልባሱ ቀይ ቆዳ ነው፤ ክዳኑ እንደ ፖስታ ይታጠፋል። ያንን ኪታብ የሚነኩት እሱና ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ብቻ ነበሩ። እኔ መደርደሪያውን እወለውል ነበር። ሁሴን ቀራ፤ እኔ ለሶላት የሚበቃኝን በቃሌ ይዤ ቀረሁ።

አባታችን በሞተ በሳምንቱ ኪታቡ ከመደርደሪያው ጠፋ። ሁሴንን "ለማን ሸጥከው?" አልኩት። "አልሸጥኩም" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በአርባው ቀን ሰደቃ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "የአባቱን ኪታብ የሸጠ" ብዬ ስሙን ጠራሁ። ከዚያ በኋላ ልጁን እሱ ዘንድ የሚልክ ወላጅ ጠፋ። ማስቀራቱን ትቶ ቆብ ሰፊ ሆነ። እኔም "ጋሼ" ማለቱን ተውኩ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው።

ቅዳሜ ዕለት የድሮ ሰፈራችን መስጊድ አዲሱ ኡስታዝ አሁን የምኖርበት መሪ ሰፈር ድረስ መጣ፤ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አራት ፎቅ ወጥቶ እያለከለከ ደጄ ላይ ቆመ።

"እማማ ዘይነባ፣ ጋሽ ሁሴን እንደገና ልጆቹን እንዲያስቀሩልን ልንጠይቃቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ግን እርስዎ ያኔ የተናገሩትን ያነሳሉ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንቀመጣለን። አሁንም በቃልዎ ነዎት?"

"በቃሌ ነኝ" አልኩት። "ለዓርብ ማስረጃ አመጣለሁ።"

ማስረጃ እንደሌለኝ የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት በመገናኛ አድርጌ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሄድኩ፤ ከታክሲ ማቆሚያው በላይ ያለው ዳገት የእግር ነው። ባሕር ዛፉ ነፋስ ይዞ ይጮሃል፤ በመኪና የሚሄዱት ለመናፈስ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ጉልበቴን ይዤ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ። ሁሴን በአባታችን ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ይረግጥ ነበር።

"ምን እግር ጣለሽ?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ኪታቡ የት ነው ያለው?"

እግሩን አቆመ። "ምን አልሽ?"

"የት ነው አልኩህ።"

መነጽሩን አወለቀ። "እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ነው።"

እውነቱን ነው። እስከዚያ ቀን ጥያቄዬ "ለማን ሸጥከው" ነበር እንጂ "የት ነው" ሆኖ አያውቅም። ከቆብ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደደና ሐረር ያለ አንድ መስጊድ ስም ጻፈልኝ፤ ከሥሩ "አው ዑመር በያቸው" ብሎ ጨመረ። ሐረሮች የተከበረ የሃይማኖት ሰው "አው" ይሉታል። "እዚያ ለምን ሄደ?" ስለው "እሱን እኔ አልነግርሽም፤ ሂጂና እይ" ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ሌባ ሲደፍር አልኩ በሆዴ።

ሰኞ፣ መንገድ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። የመስኮት መቀመጫ ለምኜ አገኘሁ። አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ፤ የበሰቃ ሐይቅ ከጥቁሩ ድንጋይ መካከል ያብለጨልጫል፤ ግመሎች ከግራሩ ሥር ቆመው አውቶቡሱን በንቀት ያዩታል። ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ይወጣል። ጭሮ ላይ ምሳ ቆምን፤ ጥብሱ ጠንካራ ነበር፣ ሻዩ ግን ደግ።

ከአጠገቤ የተቀመጠችው ፈትያ የምትባል የሐረር ልብስ ነጋዴ ናት። አፏ አይዘጋም።

"እማማ፣ ሐረር ማን አለዎት?"

"ኪታብ አለኝ።"

"ሰው የሌለው ኪታብ ብቻ? አይ አዲስ አበባ!"

ጨለንቆ ስንደርስ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሻሿን አስተካከለች። "የኛ አሚር በንጉሡ ጦር የተሸነፉት እዚህ ነው። አያቴ እዚች ጋ ስትደርስ ፊቷን ትሸፍን ነበር።" ወደኔ ዞራ "እርስዎ ከየት ሰፈር ነዎት?" አለችኝ።

"የካ ነኝ። ያደግኩት እንጦጦ ሥር ነው።"

"በሉ እንግዲህ! ጦሩ ከወጣበት ተራራ! ያኔ ከተማዋን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ የቀራችሁ ኪታብ ነው?"

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። "እኔ የደረሳ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሐረር የወሰደው ዕውቀት ብቻ ነው" አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

እውነት ለመናገር ነገሩን አውቀው ነበር። አባባ ማታ ማታ ወደ ተራራው እያሳየ፣ ሐረር ስትያዝ የንጉሡ ቤት እንጦጦ ማርያም ዘንድ እንደነበር ይነግረን ነበር። ስለ ሐረር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። የሱልጣን መቀመጫ የነበረች፣ ኋላም በራሷ አሚር የተዳደረች፣ በስሟ ገንዘብ ያተመች፣ ከወሎም ከጅማም ከባሌም ከሱማሌም ደረሳ የሚጎርፍላት ከተማ ናት ይላል። ይህን የሚያወራው ለሁሴን ነው። እኔ ሳህን እያጠብኩ እሰማ ነበር።

አወዳይን አልፈን ከሰዓት በኋላ ሐረር ገባን። ፈትያ ከአንዲት ዘመዷ ቤት አልጋ አገኘችልኝ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲ በወተት አጠጡኝ። ተኝቼ ዓርብ የምናገረውን ንግግር ቃል በቃል አጠናሁ።

ማክሰኞ፣ ጀጎል ውስጥ

ጀጎል የሚሉት የድሮውን ከተማ የከበበውን ግንብ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ መንገዱ ይጠባል፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ለግድግዳው ትከሻውን ይሰጣል። ኖራው ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ነው። በየጥቂት እርምጃው መስጊድ አለ፤ አንዳንዱ ከአንድ ክፍል አይበልጥም። አንድ በአንድ እየጠየቅኩ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አገኘሁ።

አው ዑመር የሚኖሩት ከመስጊዱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት ነው። ከኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጡም። ቀይ ቀለም በተቀባ መደብ ላይ ተቀምጠው የተገነጠለ የመጽሐፍ ልባስ በሰም ክር ይሰፋሉ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሼ ወደ ነገሬ ገባሁ።

"ከአዲስ አበባ መጥቶ ኪታብ የሸጠላችሁን ሰው ያውቁታል?"

መርፌውን ልባሱ ላይ ሰክተው አዩኝ። "የሸጠ አላውቅም፣ እህቴ። የመለሰ አንድ ሰው አውቃለሁ።"

ተነሱና ከሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ጨርቁ ሲገለጥ ቀዩ ቆዳ ታየ። የታጠፈው ክዳን ጫፍ ላይ ጠቁሮ የደረቀ ጠብታ አለ።

ያን ጠብታ አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ቤቱ ባዶ የሆነ መስሎኝ ኪታቡን አውርጄ ስገልጥ የኩራዝ ጋዝ ፈሰሰበት። አባባ ማታ ሲያይ ሁሴንን ገረፈው፤ ከሱ ሌላ የሚነካው የለማ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ሁሴን "እኔ አይደለሁም" አላለም።

"የአባቴ ነው" አልኩ።

"የማንም አይደለም" አሉ አው ዑመር፣ ሳይቆጡ። የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጠው ጣታቸውን አስኬዱበት። "ወቅፍ ነው። ለአላህ የተሰጠ፣ በዚህ መስጊድ ተቀምጦ ለሚቀራ ሁሉ የተተወ። አይሸጥም፣ ስጦታ አይሆንም፣ አይወረስም፣ ከግንቡ አይወጣም ይላል። ታዲያ አንድ ደረሳ ይዞት ወጣ።"

"የትኛው ደረሳ?"

ቅጠሉን መልሰው ከደኑት። "ሥልጣኑ ከዚህች ከተማ ሲሄድ" አሉ፣ "አሚሩ ሲወርድ፣ የተረፈን ይሄ ነው። አባቶቻችን በየቤቱ ደብቀው አቆዩት። ዙፋን ቢወስዱ ዙፋን ነው። ኪታብ ሲወጣ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልጅ አብሮ ይወጣል።" ከዚያ ከልባሱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሳቡ። "የመለሰው ሰው ይሄን ሰጠኝ። ማንበብ ይችላሉ?"

ጽሑፉ በዓረብ ፊደል ነው። "አልችልም" አልኩ፤ አፍሬ።

"ፊደሉ የዓረብ ነው እንጂ ቋንቋው የእናንተ አማርኛ ነው። ወሎዎች እንዲህ ይጽፋሉ" አሉና ማንበብ ጀመሩ።

የአባባ ድምፅ ከሽማግሌው አፍ ወጣ። የገበያ ዕቃ ሲያዝ እንኳ እንዲህ ነበር የሚጽፈው፤ እንዲህም ነበር የሚናገረው። "ይህን ኪታብ ገልብጬ እመልሳለሁ ብዬ ማንንም ሳላስፈቅድ ወሰድኩ። ዛሬ ነገ ስል ዕድሜዬ አለቀ። ሰው ቤት ገብቶ እንደሰረቀ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ልጅ አስቀራሁበት። ልጄ ሁሴን ስሞት ያደርሰዋል፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ለማንም እንዳይናገር በቁርኣን አስምዬዋለሁ። ከሁሉ በላይ ልጄ ዘይነባ እንዳትሰማ። እሷ እንደ ሌባ ከምታየኝ ኪታቡ ጠፋ ብላ ብታዝን ይሻላል።"

አው ዑመር ወረቀቱን ሲያጣጥፉ "ይድገሙልኝ" አልኳቸው። ደገሙልኝ። ስሜ ዘንድ ሲደርሱ ሁለተኛም ያው ነበር።

አላለቀስኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ኪታቡን እንዳነብ ያልፈቀደልኝ ሰው እኔን ፈርቶ ወንድሜን አስማለ! ቀጥሎ የመጣው ግን የአርባው ቀን ሰደቃ ነው። ሁሴን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እኔ ስናገር ጫማውን ያይ ነበር።

አው ዑመር ቁቲ አስመጡልኝ። "ኪታቡን ማየት ከፈለጉ እዚሁ ቁጭ ብለው ይግለጡት" አሉኝ። "ለሚቀመጥ ሁሉ ነው።" የሴት፣ የወንድ አላሉም። ገለጥኩት። አንድ ፊደል አላውቅም፤ እስከ መጨረሻው ቅጠል ግን ገለጥኩት።

ረቡዕ እና ሐሙስ፣ መመለስ

በመልሱ አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ሲያወራኝ ምን እንዳለ አላስታውስም። ጨለንቆን ስናልፍ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። ፈትያ ያለችው ትዝ ብሎኝ ነው፤ እውነትም ኪታብ ነበር የወሰድነው።

ሐሙስ ዳገቱን ወጣሁ። ሁሴን ስፌቱን አቁሞ ጠበቀኝ።

"አነበቡልሽ?"

"አነበቡልኝ።"

"እኔ አልነገርኩሽም።"

"አልነገርከኝም። ስለ ኩራዙም አልተናገርክም።"

ሳቀ፤ ጥርሱ ጥቂት ነው የቀረው። "ለሱ እንኳ ማንም አላስማለኝም።"

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ነገ ምን ልትዪ ነው?"

"ያየሁትን።"

"ተሳስቼ ነበር በያቸው፣ ይበቃል። የአባባን ስም እንዳታነሺ፣ በአላህ።"

ሻሼን አስሬ ዳገቱን ወረድኩ።

ዓርብ፣ የመስጊዱ ግቢ

ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ እኛ ሴቶች ግድግዳው ጥግ ተቀምጠናል። ኡስታዙ "እማማ፣ ማስረጃ አገኙ?" አለኝ። ቆምኩ። ሐረር የተኛሁበት አልጋ ላይ ያጠናሁት ንግግር ከአፌ ጠፍቷል።

"ሁሴን አልሸጠም" አልኩ። "ኪታቡ ያለበት ቦታ ነው፤ በዓይኔ አየሁት። ባለቤቱ ዘንድ መለሰው።"

"ባለቤቱ አባታችሁ አልነበሩም እንዴ?" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ሁሴንን አየሁት። ራሱን ነቀነቀብኝ፤ አትበይ ሲል። የሞተውን ስም ለመጠበቅ በቁም ያለው ሠላሳ ዓመት ተቀብሯል። እሱ ምሏል፤ እኔ ግን አልማልኩም።

"አባቴ የወቅፍ ኪታብ ሳያስፈቅድ ወስዶ ነበር" አልኩ። "ያስመለሰውም እሱ ራሱ ነው። ሁሴንን አስምሎ ላከው፤ እኔ ሌባ አልኩት። ሐሰተኛዋ እኔ ነኝ።"

አንዲት ጎረቤታችን "አስተግፊሩላህ" ስትል ሰማሁ፤ ለአባቴ ይሁን ለኔ አልለየሁም። በዚያ ሰደቃ ላይ የነበሩት ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ሌሎቹም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እነሱ ለነገሯቸው ነው። ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ካለ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መኖሬን ነው፤ እሱም የተሳሳተ ነበር። አባባን ይቅር ብያለሁ ብዬ ግን አልዋሽም።

ሽማግሌዎቹ ልጆቹን እንዲያስቀራ ሁሴንን ለመኑት፤ ስንወጣ ቀድሞኝ ሄደ። እኔም እስከ ቤቱ ከኋላው እያቃሰትኩ ወጣሁ። ደጁ ላይ ቁልፉን ፈለገ፤ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

"ነገ ቅዳሜ ልጆቹ ይመጣሉ። ከነሱ ጋር መቀመጥ ከፈለግሽ ቦታ አለ። ጋዝ ግን ይዘሽ እንዳትመጪ።"

"እሺ፣ ጋሼ" አልኩት።

ቁልፉ ቀዳዳው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ዞረ።